ስርዝ ድልዝም ማርክ ይያዝለት

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር
ለ፦ ክልልና ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ የጽሕፈት ትምህርት በሂደት እንዲሰጥና ረቂቅም እንዲመዘን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የትምህርት ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን አንድን ጽሑፍ እየመላለሱ የሚሠሩበት ጊዜ ይሰጣቸው፤ ለዚያ ምልልስም ማርክ ይያዝለት። አሁን ማርክ የምንሰጠው በንጹሕ ተገልብጦ ለመጣው ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ አናስተምረውም፣ አናየውም፣ አንቆጥረውም። መጻፍ የሚባለው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

ድርሰት በብዙ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «የውሃ ጥቅም» ወይም «የሰላም አስፈላጊነት» ብሎ ይጽፋል። «ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጽፋችሁ ኑ» ይላል። ይደወላል። በሳምንቱ ደብተር ይሰበሰባል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ እዚህም እዚያም ያሰምርና «ጥሩ ነው፣ የእጅ ጽሑፍህን አሻሽል» ብሎ ከ10 ሰባት ይሰጣል። ልጁ ማርኩን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። ቀዩን እየተከተለ የሚያስተካክል ልጅ እምብዛም አላየሁም። ለምን ብሎ ያስተካክላል? ማርኩ ተመዝግቧል። ነገ ሌላ ምዕራፍ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመጣውን ድርሰት ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ የጻፈችውን ላሳያችሁ።

«ውሃ ለሰው ልጅ እጅግ በጣም አስፈላጊ ነው። ውሃ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለመስኖ ያገለግላል። ውሃ ከሌለ ሕይወት የለም። ስለዚህ ሁላችንም ውሃን በቁጠባ መጠቀም ይኖርብናል።»

ስህተት የለበትም። ፊደሉ ልክ ነው፤ አራት ነጥቡም ቦታው ላይ ነው። በተለመደው መንገድ ቢሆን ከ10 ስምንት አግኝታ ትሄድ ነበር። ግን ልጅቷ ጽሑፉ ውስጥ የለችም። ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ደብተሩን አልሰበሰብኩም። ከጎናችሁ ካለ ልጅ ጋር ተለዋወጡ አልኳቸው። ማረም የለም፣ ማርክ የለም። አንባቢው ማወቅ የፈለገውን አንድ ጥያቄ ብቻ ከግርጌ ይጽፋል። ጓደኛዋ በእርሳስ የጻፈችላት ይህን ነበር፦ «እናንተ ሰፈር ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?» በቃ፣ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው ረቂቅ መጣ።

«እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ቀኑ አይታወቅም። እናቴ ቧንቧውን ከፍታ ሥሩ ባልዲ አስቀምጣ ትተኛለች። ውሃው ባልዲውን ሲመታ ትነቃና ትቀሰቅሰኛለች። ጀሪካኖቹን ሞልተን ሳንጨርስ ይነጋል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የማንቀላፋው ለዚህ ነው። ውሃ ለሰው ልጅ እጅግ በጣም አስፈላጊ ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ረቂቅ የተረፈች ናት። ጓደኛዋ «ይቺን አውጫት፣ ከላይ ነግረሽናል» አለቻት። እሷ አልዋጠላትም። «መደምደሚያ የሌለው ድርሰት ማርክ ይቀነስበታል» ብላ ተከራከረች። በሦስተኛው ረቂቅ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር የለችም። የእንቅልፉ ነገር ደግሞ ከታች ወደ ላይ ወጥቷል፦ «የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የማንቀላፋው ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም።» ድርሰቱ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። ይህን እኔ አልነገርኳትም። ጓደኛዋም አልነገረቻትም። ራሷ ወደ ጽሑፏ ተመልሳ ስታነበው ያገኘችው ነው።

ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ቧምቧ» እና «ቧንቧ» ብላ ሁለት ዓይነት ጽፋ ነበር። የትኛው እንደሆነ መጥታ ጠየቀችኝ። ተማሪ ፊደል ግድፈት ሊጠይቅ በራሱ እግር ሲመጣ መምህር ምን እንደሚሰማው እዚህ ያላችሁ የቀድሞ መምህራን ታውቁታላችሁ።

ይህ አሠራር ሂደታዊ የጽሕፈት ትምህርት ይባላል። ሐሳብ ማሰባሰብ አለ። ቢጋር፣ ማለትም የጽሑፉን አጽም፣ መንደፍ አለ። ረቂቅ አለ። አስነብቦ መከለስ አለ። ማረም አለ። በመጨረሻ ለአንባቢ ማውጣት አለ። በየመሐሉ ወደ ኋላ ይኬዳል። ረቂቅ እየጻፈ ቢጋሩን የሚቀይር ልጅ ጥሩ እየሠራ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጃኔት ኤሚግ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ስምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሲጽፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጋ አጠናች። ተማሪዎቹ ለትምህርት ቤት ሲጽፉ ብዙም እንደማያቅዱና ብዙም እንደማይከልሱ አየች። የሚያስተምሯቸው ሰዎች ይህን አይጠብቁባቸውማ። በዓመቱ ዶናልድ መሬይ ተነሣ። በጋዜጠኝነቱ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘና በኋላ የጽሕፈት መምህር የሆነ ሰው ነው። መምህራን ያለቀለትን ጽሑፍ መመርመሩን ትተው ያላለቀውን ያስተምሩ ብሎ ሞገተ። እኛም አገር ቢሆን በዚህ ጉዳይ በየዩኒቨርሲቲው የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት ሲሠራ ኖሯል። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አለ። ክፍል ውስጥ ግን አልገባም።

ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚል ካለ ደግሞ ቅኔ ቤትን ያስታውስ። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ጥላ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ቤቱ ካልመታ፣ አገባቡ ከተሳሳተ፣ ምስጢሩ ካልበሰለ ያቃናለታል። ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። አጀማመሩ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ፣ ቅኔ ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን መወድስ ቁጠር የሚል መምህር የለም። እኛ ግን ሙሉ አንቀጽ አሳክቶ የማያውቅን ልጅ ባለ አምስት አንቀጽ አመዛዛኝ ድርሰት ለነገ እንለዋለን። በቅኔ ቤት የማሰቢያ ጊዜ አለ፣ ሰሚ አለ፣ መታረም አለ። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሦስቱንም አጣናቸው።

መማሪያ መጽሐፉ ስለዚህ ምንም አይልም ማለቴ አይደለም። ይላል። ርዕስ ምረጡ፣ ቢጋር ንደፉ፣ ረቂቅ ጻፉ፣ አርሙ የሚል አለበት። ችግሩ ሌላ ነው። ልጆቹ ይህን የሚያውቁት እንደ ፈተና መልስ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ የድርሰት አጻጻፍ ሂደት ያልሆነው የቱ ነው?» ብትሏቸው ሀ ወይም ለ ብለው ልክ ይመልሳሉ። ሂደቱን በቃሉ የሚያውቅ፣ አንድም ቀን ያልሄደበት ተማሪ ነው የምናስመርቀው።

ይህ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የማይፈተን ነገር አይሠራም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ተማሪው መልስ ይመርጣል፤ አንድ አንቀጽ እንኳ በእጁ አይጽፍም። አማርኛም ሆነ ሌላ የአገር ቋንቋ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና ውስጥ የለም። በእንግሊዝኛው ላይ ለመጻፍ ቀረብ የሚለው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል አስይዙ የሚለው ጥያቄ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። መደንገጡም ተገቢ ነበር። ግን ያ ፈተና ልጆቻችን ሐሳባቸውን በጽሑፍ መግለጽ ይችሉ እንደሆነ አልጠየቃቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። አንድ ወጣት 12 ዓመት ተምሮ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ወሳኝ በተባለ ፈተና ላይ አንድ ገጽ በራሱ ቃል ጻፍ ሳይባል ሊጨርስ ይችላል።

ዋጋውን የምንከፍለው በኋላ ነው። በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። የሚሠሩት የተከበረ ሥራ ነው፤ ሕግ ነክ ነገር ሲሆን ያስፈልጋሉም። ግን ወረፋው ላይ ማን እንዳለ ተመልከቱ። 10ኛን የጨረሰ አለ፣ 12ኛን የጨረሰ አለ፣ ዲፕሎማ ያለው አለ። ለቀበሌ የምትሄድ ባለ ስድስት መስመር የመሸኛ ጥያቄ ለማጻፍ ነው የመጣው። ወደ ዩኒቨርሲቲ በር ስትሄዱ ደግሞ «የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ገዢውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድም ጽሑፍ ከባዶ ወረቀት አንሥቶ እስከ መጨረሻው ያላደረሰ ልጅ 40 ገጽ ጻፍ ሲባል ምን ያድርግ?

አሁን ስለ ስርዝ ድልዝ። «ስርዝ ድልዝ ያለው ወረቀት አልቀበልም» የሚለው ቃል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ልጆቹ ጆሮ ላይ ነው። ለደረሰኝና ለሕጋዊ ማስረጃ ልክ ነው። ለሚማር ልጅ ግን ልክ አይደለም። ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ የሚፈትጉ ልጆች አሉኝ። የፈለጉትን ቃል ትተው ፊደሉን እርግጠኛ የሆኑበትን ቃል የሚመርጡ አሉ። «ተንገዋለለ» ማለት ፈልጋ «ሄደ» ብላ የጻፈች ልጅ አውቃለሁ፤ «ዋ» ትሁን «ዎ» ስላልለየላት። ስህተትን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስንቀጣ የምንቀጣው ድፍረቱን ነው። ዓረፍተ ነገር የሰረዘ፣ በቀስት ከታች ወደ ላይ ያዛወረ፣ በዳር የጨመረ ልጅ አስቧል። ያንን ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ። ማርክም ልሰጠው እፈልጋለሁ።

አሁን «ይሄ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚለውን ልመልስ። ይህን የሚሉኝ ባልደረቦቼ ሰነፎች አይደሉም፤ ደክመው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ እንበል። ለአንድ ድርሰት አምስት ደቂቃ ብንወስድ 300 ደቂቃ፣ ማለትም አምስት ሰዓት ነው። አምስት ሴክሽን ያለው መምህር ደግሞ 25 ሰዓት ያስፈልገዋል። አንድ ዙር ብቻ! ሁለትና ሦስት ረቂቅ ይታረም ከተባለ መምህሩ ቤቱ አይገባም።

ስለዚህ ሁሉንም ረቂቅ መምህሩ አያርምም። ቁልፉ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ የሚያነበው ጓደኛ ነው። የጓደኛ ሥራ ማረም ሳይሆን መጠየቅ ነው፦ ምን አልገባኝም? የቱ ጋ ተጨማሪ ልስማ? አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ በቡድን ሆኖ መቀመጥ ለልጆቹ አዲስ አይደለም። ያጡት የሚያነቡት የጓደኛ ጽሑፍ ነው። በሁለተኛው ረቂቅ ጊዜ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እየዞረ ጥቂት ጥቂት ልጆችን ያናግራል። የሚያየውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ የሐሳብ ቅደም ተከተል ከሆነ ፊደል አይነካም። ቀይ እስክሪብቶ የሚወጣው በመጨረሻው ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጽሑፉ ስለተሻለ ማረሙ ይቀላል። ከሁሉም በላይ የድርሰቱ ብዛት ይቀነስ። በሴሚስተር አራት ድርሰት አጽፎ አራቱንም ለይስሙላ ከማረም አንዱን ከሥሩ እስከ ጫፉ መሥራት ይሻላል። የማረሚያው ሰዓት ያው ነው፣ ምናልባትም ያንሳል።

«ፖርሽን አይሸፈንም» የሚለውም አለ። እውነት ነው፣ ሁሉን እናድርስ ካልን አይሸፈንም። የሚቀነስ ነገር መኖር አለበት። እኔ ብጠየቅ የድርሰት ዓይነቶችን ትርጉም ማስሸምደዱን እቀንሳለሁ። ተራኪ፣ ስዕላዊ፣ ገላጭ፣ አመዛዛኝ ብሎ መዘርዘር የቻለ ልጅ አንዱንም ጽፎ ካላየ ምን ያደርግለታል? ወረቀትም ጉዳይ ነው፤ ደብተር ተወዷል። ለረቂቅ ግን አዲስ ደብተር አያስፈልግም። ያለፈ ዓመት ደብተር ትርፍ ገጽ፣ የፈተና ወረቀት ጀርባ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። «ልጆቹ በነጻነት ይጻፉ፣ ሕግ አታስጨንቋቸው» ወደሚለው ጥግ እንዳንሄድ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሊሳ ዴልፒት የምትባል ጥቁር የትምህርት ምሁር በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ትችት ጽፋለች። የተማረ ቤተሰብ ያለው ልጅ ሕጉን ቤቱ ይማረዋል፤ የሌለው ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ በግልጽ ካላስተማረው ከየትም አያገኘውም የሚል ነው። ለእኛም ይሠራል። ጓደኛው ጠየቀው፣ እሱም መለሰ፣ በቃ አንልም። አንቀጽ እንዴት ኃይለ ቃል እንደሚይዝ፣ ድርብ ሰረዝ የት እንደሚገባ፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀመር መምህሩ ቆሞ ማስተማር አለበት። ጊዜው ብቻ ይታይ። ልጁ የራሱ ጽሑፍ እጁ ላይ እያለ፣ ሕጉ ሲያስፈልገው ይማረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተሠሩ ብዙ የጽሕፈት ጥናቶችን ሰብስበው ገምግመው ነበር። ለተማሪ ጽሑፍ መሻሻል ከፍተኛ ውጤት ያሳየው ማቀድን፣ መከለስንና ማረምን በግልጽ ማስተማር ነው። ተማሪዎች ተረዳድተው መጻፋቸውም ብዙ ጠቅሟል። ሰዋስውን ከጽሑፍ ነጥሎ ማስተማር ግን ጽሑፍን አላሻሻለም።

ስልኩን ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዛሬ «ጽፋችሁ ኑ» ብሎ ወደ ቤት መስደድ ማለት ከቴሌግራም ወይም ከቻትጂፒቲ ገልብጣችሁ ኑ እንደማለት እየሆነ ነው። የሚመጣው ገጽ ያምራል። ኩረጃን በማስፈራራት ብቻ አናቆመውም። ቢጋሩ፣ የተሰረዘው ረቂቅና የጓደኛው ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሲሠሩና አብረው ሲቀርቡ ግን የልጁ ሥራ የቱ እንደሆነ ይታያል። ረቂቁን የሚያይ መምህር ፖሊስ መሆን አያስፈልገውም።

እንግዲህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ለጽሕፈት ከሚያዘው ማርክ ግማሹ ለቢጋር፣ ለረቂቅና ለክለሳ ይሁን። በሴሚስተር ቢያንስ አንድ ጽሑፍ በሦስት ረቂቅ እንዲያልፍ የመምህሩ መምሪያ ያዝዝ፤ ለዚህም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይለቀቅ። ይህ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በእንግሊዝኛም ይሁን። ሱፐርቫይዘር ለክትትል ሲመጣ የተሸፈነ ምዕራፍ ከመቁጠር አልፎ የተማሪ ረቂቅ ገልጦ ይይ። በየደረጃው ባሉ ፈተናዎች ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ አንቀጽ በእጅ የሚጻፍበት ክፍል ይኑር። ጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ለእንግሊዝኛውም ለስዋሂሊውም ተማሪው የሚጽፈው ድርሰት አላት። እርግጥ በሰዓት ተገድቦ የሚጻፍ ፈተና ሂደትን አይለካም። ነገር ግን መጻፍ እንደሚቆጠር ለተማሪውም ለወላጁም ይነግራል፤ ክፍል ውስጥ ያለውን ሥራ ዋጋ ይሰጠዋል። ማረሙ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ከ6ኛና ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች በአንዱ፣ በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ሊታይ ይችላል።

የመጨረሻው ሥልጠና ነው፤ ይህ ካልተሟላ ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ቅድም የጠቀስኩት የ2007 ግምገማም ያሳየው ይህንኑ ነው። መምህራኑ በሠለጠኑበት ቦታ ሂደታዊው ትምህርት ውጤት አምጥቷል፤ ባልሠለጠኑበት ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አብዛኞቻችን በዚህ መንገድ ተምረን አናውቅም። ያልተማርነውን አስተምሩ ብትሉን ስሙን ቀይረን የድሮውን ነው የምንሠራው። እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተጀመረ የመምህራን የክረምት ሥልጠና አለ፤ በኋላ በመላ አሜሪካ ተስፋፍቷል። እዚያ መምህራኑ ራሳቸው ይጽፋሉ። ረቂቃቸውን ለባልደረባ ያስነብባሉ፣ ይከልሳሉ። የሚያሠለጥናቸውም ክፍል ውስጥ ያለ መምህር ነው። እኛም አገር በክረምት በዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራን ሥልጠና እየተሰጠ ነው። ለቋንቋ መምህራን ከዚያ ላይ ጥቂት ቀናት ይለቀቅልንና ያለ ፓወር ፖይንት፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ እንጻፍ። እያንዳንዳችን አንድ ጽሑፍ በሦስት ረቂቅ አድርሰን እንውጣ። መስከረም ላይ ክፍል ስንገባ ያንን ረቂቅ ለተማሪዎቻችን እናሳያቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ ቋንቋ መምህር

ግልባጭ፦
ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች
ለቋንቋ መምህራን
ለተማሪ ወላጆች